የጉልበቱ ሁለተኛ ቀዳዳ

ሽማግሌው ልብስ ሰፊ ዓርብ ጠዋት አልጋቸው ላይ ሞተው ሲገኙ ቀኝ ጉልበታቸው አብጦ ጠቁሮ ነበር። ሽታው ከደጅ ይቀበላል። ባልደረቦቿ «አፍንጫ» የሚሏት መርማሪ መስኮቱን አስከፍታ ጎንበስ አለች፤ ጉልበታቸው ላይ ሁለት የመርፌ ቀዳዳዎች አየች።

«እሷ ናት የገደለችው» አለ ወንድ ልጃቸው፣ እህቱን በጣቱ እየጠቆመ። «በጨው የተነከረ ጨርቅ ስትለጥፍበት ነበር። ካልታሰረች አልቀብርም።»

ሰባት ዓመት ያስታመመች ልጅ ዛሬ የአባቷ ገዳይ ተባለች። አፍንጫ ወደ ጓዳ ወሰደቻት።

«አባትሽ ጉልበታቸውን መርፌ ሲወጉ አብረሻቸው ነበርሽ?»

«እጁን ይዤ። ሰኞ ክሊኒክ ዶክተሩ አንዴ ብቻ ወጋው። እብጠት የሚያጠፋውንና መገጣጠሚያ የሚያለሰልሰውን ዝልግልግ መድኃኒት በአንድ ቀዳዳ አከታትሎ እንደሚሰጥ ነግሮን ነበር።»

«ታዲያ ጉልበታቸው ላይ ያለው ሁለተኛ ቀዳዳ?»

«እኔ እንጃ። ማክሰኞ ነርሷ ፋሻ ልትቀይር ቤት መጣች። ውኃ አፍዪልኝ አለችኝ፤ ስመለስ ጨርሳለች።»

ክሊኒኩ ውስጥ ሐኪሙ ጋዋኑን አስተኩሶ፣ ፈገግታውን አሰናድቶ ጠበቃት። «ሁለቱንም ሰኞ ሰጥቻለሁ፤ ካርዱን ይመልከቱ» አለ። ነርሷ አጠገቡ ቆማ ጫማዋን ታያለች። አፍንጫ ካርዶቹን አንድ በአንድ አገላበጠች፣ ከዚያ ማቀዝቀዣውን ከፈተች። ከተገመጠ ሳንድዊች ጎን በፋሻ የተጠቀለሉ ስሪንጆች ተደርድረዋል። አንዱን አወጣች።

ከሰዓት በኋላ ሐኪሙን፣ ነርሷንና ሁለቱን የሟች ልጆች ክሊኒኩ መጠበቂያ ክፍል ሰበሰበቻቸው።

«የጨው ጨርቅ ቆዳ አይበሳም» ብላ ጀመረች። «ሰኞ ዝልግልጉ መድኃኒት አልቆ ነበር፤ አዲሱ የገባው ሐሙስ መሆኑን የመድኃኒት መረከቢያው ደብተር ላይ አይቻለሁ። ካርዱ ግን ተሰጥቷል ይላል። እያንዳንዱ ፓኬት የራሱ ቁጥር አለው፤ ተለጣፊው ተልጦ ካርዱ ላይ ይለጠፋል። የሟቹ ካርድ ላይ ቁጥሩ በእጅ ተጽፏል፣ በእርስዎ እጅ፣ ዶክተር። የዚያው ቁጥር ተለጣፊ ያለው ባለፈው ሳምንት የተወጉት አስተማሪ ካርድ ላይ ነው። ከእሳቸው ጉልበት የተረፈውን አስቀምጠው ማክሰኞ በነርሷ ላኩት፤ የሟቹን ጉልበት የመረዘው እሱ ነው።»

ከማቀዝቀዣው ያወጣችውን አንዱን ስሪንጅ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። በዝልግልጉ ውስጥ ቀጭን የደም ክር ይታያል። «ይህ ደግሞ ለሚቀጥለው ሰው ነው።»

ወንድ ልጁ አፉን ይዞ ወደ ውጭ ሮጠ።

«ግማሹ ሲደፋ ያሳዝናል» አለ ሐኪሙ። «ብዙዎቹ ምንም አልሆኑም።»

ድምፁ እንኳ አልተንቀጠቀጠም። ከጠዋቱ ሽታ ሁሉ ይልቅ አፍንጫን የከበዳት ይህ ነው።

ልጁ አፉን እየጠረገ ተመልሶ ከእህቱ ጎን ሊቀመጥ ሲል እሷ ወንበሩ ላይ ቦርሳዋን አስቀመጠችበት። ዓይኗ ነርሷ ላይ ነበር።

«ወግተሽው ስትጨርሺ አባዬ ምን አለሽ?»

ነርሷ ከጫማዋ ቀና አለች።

«እጅሽ ይባረክ አሉኝ።»