ስሟ ብቻ የተጻፈላት ልጅ

ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው። እኔ በዓይኔ ያየሁትን ነው የምነግራችሁ።

ቤይሩት፣ እዚሁ ቤቴ ውስጥ ነው። ሌሊት እንዳይመስላችሁ... በጠራራ ፀሐይ፣ ቀን ስድስት ሰዓት ላይ ነበር።

ሥራዬ የከርነል ፋይል ሲስተም፣ ማለትም ኮምፒውተር ፋይሎችን ዲስክ ላይ የሚያስቀምጥበትን ፕሮግራም መጠገን ነው። ኮምፒውተር የሰጡትን ሁሉ ወዲያው ዲስክ ላይ አይጽፍም። ስሙንና ሰዓቱን አስቀድሞ ጆርናል በሚባል መዝገብ ላይ ያሰፍራል፤ ዋናው ነገር መብራት ሲጠፋ ባዶ በሚሆነው ሜሞሪ ውስጥ ተራውን ይጠብቃል። በመሃል መብራት ከጠፋ ስሙ ይተርፋል። በይዘቱ ቦታ ግን ድሮ የተሰረዘ ሌላ ነገር ብቅ ሊል ይችላል።

ይህን ስህተት ነበር የማሳድደው። ለመሞከሪያ ብዬ የአምስት ወር ልጄን የታሊያን ክፍል ካሜራ ከማሽኑ ጋር አገናኘሁት። ምነው እጄን በሰበረው።

መብራቱ ሄዶ የሰፈሩ ጄኔሬተር ሲተካው ማሽኑ ጠፍቶ ተነሳ።

ምስሉን ከፈትኩ። ስሙ «ታሊያ»፣ ሰዓቱ የዛሬ። አልጋው ላይ ያለችው ግን... ሌላ ልጅ ናት።

ዲስኩ አሮጌ ነው፣ የቀድሞው ባለቤት ልጅ ትሆናለች ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ግን መጋረጃው የእኛ ነው።

ወደ ክፍሉ ሮጥኩ። ባለቤቴ ሚርና ያቺን ልጅ አቅፋ እሹሩሩ ትላለች።

«ሚርና... ይቺ ማናት?»

«ቀስ በል፣ ትነቃለች። ልጅህ ናታ።»

«አይደለችም።»

«ፀሐይ መቶሃል፣ ሀቢቢ።»

ወደ ማሽኑ ተመለስኩ። ጆርናሉ ከየት እንዳመጣው እንጃ፣ ሜሞሪው ውስጥ አንድ ምስል ዲስክ ላይ አልጻፍ ብሎ ቆሟል። ከፈትኩት።

ታሊያዬ ናት። እጆቿን ወደ እኔ ዘርግታ ታለቅሳለች።

ደግሜ ከፈትኩት... ቀርባለች።

ጻፍ ብዬ አዘዝኩ። እምቢ አለ። ደግሜ አዘዝኩ። እምቢ። አሁን መብራት ከጠፋ ልጄ የትም የለችም። የማሽኑን ባትሪ ደግሞ ለሙከራው ስል በገዛ እጄ ነቅዬዋለሁ።

ለጄኔሬተሩ ባለቤት ለአቡ ዋዲዕ ደወልኩ።

«በልጆችህ ይዤሃለሁ... እንዳታጠፋው።»

«ኡስታዝ ናዲም፣ ሰፈሩ በሙሉ በልጆቼ ይዞኛል። ናፍጣው አለቀ፤ እኔ ባላጠፋው ራሱ ይጠፋል።»

እያለቀስኩ ለመጨረሻ ጊዜ አዘዝኩ።

«በመጻፍ ላይ...» አለ።

ቀና ስል ሚርና በሩ ላይ ቆማለች። ክንዷ ባዶ ነው።

«ልጅቷስ?» አልኩ በሹክሹክታ።

በጣቷ ወደ እግሬ ጠቆመች።

ጠረጴዛዬ ሥር፣ ገና መቀመጥ የማትችለዋ ልጅ በሁለት እግሯ ቆማለች... የማሽኑን የመብራት ገመድ በሁለት እጇ ይዛ፣ ሽቅብ እያየችኝ።