ነፋስ የማይዘጋው በር

የሱቄ በር ውስጥ ሳለሁ ተዘግቶብኝ ስወጣ፣ «ነፋስ ነው የዘጋብሽ» አሉኝ። ዕድሜዬን ሙሉ የከባድ መኪና ሸራ ስሰፋ የኖርኩ ሴት፣ ነፋስ ምን እንደሚችልና ምን እንደማይችል አላውቅም አሉ። ከሆዴ የወጣው ልጄ እጄን እንደ ሕፃን ይዞ፣ «እማዬ፣ በሩ ዝጎ የለ? ገመዱን ማሰር ረስተሽ ነፋስ ሲገፋው ተጣብቆ ነው» አለኝ። በሩን የከፈተልኝ ጎረቤቴ ፀጉር አስተካካዩ እንኳ፣ «በድንጋጤ ጎተትኩት እንጂ የውጭ መቀርቀሪያው ዘንግ ተቀርቅሮ እንደነበር ልብ አላልኩም» ብሎ ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። መነጽሬን ግንባሬ ላይ ሰክቼ ስፈልግ ስላዩኝ፣ ከዚያ ወዲያ የምናገረው ሁሉ የጃጀ ሰው ወሬ ሆነ።

እውነቱን የምታውቅ አንዲት ልጅ ቤታችን ውስጥ ነበረች። የልጄ ልጅ ናት፤ ከቅጥነቷ የተነሳ ቀጮ እንላታለን። ነገሩ ከኔ ይልቅ የእሷ ነውና፣ ኋላ እንደነገረችኝ አድርጌ አወራዋለሁ። ምላሴ ካልጨመረበት።

የዚያን ቀን ቀጮ ምሳዋን በልታ ከጓደኛዋ ጋር ወደ ትምህርት ቤት ትመለሳለች። ጓደኛዋን ሳቂታ ይሏታል፤ በከንቱ አይደለም። መንገዳቸው በኔ ሱቅ በኩል ነው። ሱቅ አልኩ እንጂ ኮንቴይነር ነው። እኛ መንገድ ላይ ፀጉር አስተካካዩም፣ ጎማ ጠጋኙም፣ መድኃኒት ቤቱም ኮንቴይነር ናቸው። የሁላችንም ልማድ አንድ ነው፤ ጠዋት እንደከፈትን በሩን ወደ ውጭ አዙረን ከጎኑ ግድግዳ ጋር በገመድ እናስራለን። የኮንቴይነር መዝጊያው ውጭ እንጂ ውስጥ አይደለምና፣ በሩ ሳይታሰር ሥራ የሚጀምር የለም። የኔ ገመድ ቀይ ናት።

ሳቂታ ቆመችና ያቺን ቀይ ገመድ ፈታቻት።

«ተይ፣ አያቴ ውስጥ ናት» አለች ቀጮ።

«እሱማ ለዚሁ ነው። ትንሽ ትደንግጥና እንከፍትላታለን። አታካብጂ ባክሽ።»

ገመዷን ለቀጮ «ያዢልኝ» ብላ ሰጠቻት። በሩን ገፋችና ዘንጉን አዙራ ቀረቀረችው። ቀጮ መሳቅ አማራት፤ መከልከልም አማራት፤ አንዱንም ሳታደርግ የትምህርት ቤቱ ደወል ተደወለ። የከሰዓቱ መምህር ያረፈደ አያስገባም። ሳቂታ፣ «አንቺ ሂጂ፣ እኔ ከፍቼላት እደርስብሻለሁ» አለቻት። ቀጮም ሮጠች።

ሳቂታ እያለከለከች ክፍል ስትገባ፣ ቀጮ በዓይኗ ጠየቀቻት።

«ከፈትኩላት» አለች በሹክሹክታ። «እንደውም ሳቀች።»

እኔ ሳቅኩ! ልጅቷ እዚህ ላይ መንቃት ነበረባት። እኔ እንኳን ተቆልፎብኝ፣ ተከፍቶልኝም በቀላሉ አልስቅም። ለካ ሳቂታ ዘንጉን ልታነሳ እጇን ስትዘረጋ ቆርቆሮውን በቡጢ ስቀጠቅጠውና ዘር ማንዘሯን ስራገም ሰምታለች። ብትከፍተው የምትወጣባት አሮጊት አስፈራቻትና እግሬ አውጪኝ አለች። እኔ በዚያ ሙቀት፣ በዚያ ጨለማ ውስጥ፣ ፀጉር አስተካካዩ ሙዚቃውን አጥፍቶ ጩኸቴን እስኪሰማ ድረስ ቀረሁ።

ቀጮ ማታ ቤት ስትገባ እጆቼ አብጠው በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልለው አየቻቸው።  አባቷ ለእናቷ በዝግታ እያወራ ነበር። እማዬ ካሁን በኋላ ብቻዋን አትሆንም፣ ቤት ትቀመጥ፣ ኮንቴይነሩን የሚፈልገው ሰው ስላለ ነገ ክሬን ይዞ ይመጣል ይላል። እኔ ተሟገትኩ፣ ጮህኩ፣ ተሳደብኩ። በጮህኩ ቁጥር እንደታመመ ሰው ያባብሉኛል። ቀጮ እጇን ዩኒፎርሟ ኪስ ውስጥ ከተተች። ቀይ ገመዴ እዚያው ነበረች። አፏን ከፈተች፤ ሁሉም ዘወር ብለው ሲያዩዋት መልሳ ዘጋችው።

«ምነው ልጄ?» አላት አባቷ።

«ምንም። ነገ ክፍል ውስጥ የማቀርበው ነገር አለ።»

ይህስ ውሸት አልነበረም። የሚያቀርቡት ከሳቂታ ጋር ነው፤ ርዕሱም ራሳቸው የመረጡት ነው፤ ኮንቴይነር። አልጋዋ ውስጥ ሆና የሚቀርበውን ትለማመዳለች። ገመዷን ትራሷ ሥር ብታደርጋት ጎረበጣት፤ ኪሷ ብትመልሳት የባሰ ከበዳት።

በማግስቱ ሰሌዳው ፊት ቆሙ። ሳቂታ ጨዋታዋ ስለማያልቅ መጀመሪያውን እሷ ወሰደችው። ድሮ ወደብ ላይ እያንዳንዱ ጆንያና ሳጥን በሰው ጀርባ ይራገፍ ነበር አለች፤ መርከብ ዕቃ እስኪራገፍላት ቀናት ትቆም ነበር። ኋላ አንድ የጭነት መኪኖች ባለቤት፣ ዕቃውን አንድ በአንድ ከማውረድ ሣጥኑን እንዳለ ብናነሳውስ ብሎ አሰበ። የሣጥኑ መጠን አንድ ዓይነት ሲሆን መርከቡም ባቡሩም መኪናውም ተቀበለው። ያረጀው ደግሞ መኖሪያ፣ ክሊኒክ፣ ሱቅ ሆነ። ክፍሉ አጨበጨበላት። የበሩ ነገር የቀጮ ድርሻ ነበር።

«ኮንቴይነር በአራቱ ማዕዘን ተይዞ ይነሳል» ብላ ጀመረች። «በሩ የሚቀረቀረው ከውጭ ነው። የተሠራው ለዕቃ ስለሆነ ነው። ዕቃ በር አያንኳኳም።»

«ሰው ውስጥ ቢኖርስ?» ብሎ መምህሩ ጠየቀ።

«ሰው ምን ሊሠራ ይገባል?» አለች ሳቂታ ፈጠን ብላ። ክፍሉ ሳቀ።

ቀጮ አልሳቀችም። በቆርቆሮው ላይ ያረፈ እጅ፣ ያበጠ እጅ፣ ዓይኗ ላይ ድቅን አለ። «አይወጣም» አለች። «ውጭ ያለ ሰው ካልከፈተለት በስተቀር አይወጣም።»

ከዚያ መምህሩን አስፈቅዳ ወጣች። ሳቂታ ኮሪደሩ ላይ ደረሰችባትና ክንዷን ያዘቻት። ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷ ላይ ሳቅ አልነበረም።

«ብትናገሪ አንቺም አብረሽኝ ነበርሽ። ገመዱን ማን ያዘው? እኔ ብቻ ነኝ እንዴ?»

እውነቷን ነበር። ቀጮ ክንዷን በቀስታ አስለቅቃ ሮጠች።

እኔ ጋ ክሬኑ ቆሟል። ስፌት መኪናዬን፣ የሸራ ጥቅልሎቼን፣ በርጩማዬን አውጥተው አስፋልት ዳር ደርድረውብኛል። በርጩማዬ ላይ ቁጭ ብዬ፣ ሰንሰለቱን በአራቱም ማዕዘን ሲያያይዙ አያለሁ። ልጄ ለክሬን ነጂው ምልክት ሊሰጥ እጁን አንስቷል። ቀጮ መጣችና ያንን የተነሳ እጁን ጎትታ አወረደችው። ከኪሷ ቀይ ገመዷን አውጥታ መዳፉ ላይ አኖረችለት።

«ነፋስ አይደለም አባዬ» አለችው። «ሳቂታ ናት የዘጋችው። እኔም አጠገቧ ነበርኩ። ገመዱን ይዤላት ነበር።»

ከዚያ ሁሉንም ተናገረች። ደወሉን፣ ሩጫውን፣ «እንደውም ሳቀች» የተባለችውንም ሳይቀር። ለራሷ አንድም ቃል አላዳላችም። ልጄ ገመዷን ሲያገላብጥ ቆየ፤ ቀና ብሎ ግን አላየኝም። ፀጉር አስተካካዩ ማበጠሪያውን እንደያዘ ከደጁ ወጣ። ክሬን ነጂው አንገቱን በመስኮት አውጥቶ፣ «ላንሳ ወይስ ልተወው?» አለ።

ይቅርታ የሚል ሰው ብጠብቅ አጣሁ።  ስለዚህ በርጩማዬን አንስቼ ወደ ኮንቴይነሬ ገባሁና፣ በፊት የነበረበት ቦታ አስቀምጬ ተቀመጥኩበት። ክሬን ነጂው ሳቁን ዋጥ አድርጎ ሞተሩን አጠፋ።

ቀጮ በሩ ጋ እንደቆመች ቀረች፤ ልግባ ወይስ አልግባ ብላ።

«ገመዱን ከአባትሽ ተቀበዪና በሩን እሰሪው» አልኳት። «አጥብቀሽ። ነገ ከትምህርት ቤት ስትመለሺ ያቺን ጓደኛሽን ይዘሻት ነይ። አልመታትም፣ አልረግማትም። እዚህ ፊት ለፊቴ ትቁምና፣ እንዴት አድርጌ እንደሳቅኩ ታሳየኝ።»