የተጫረ እሳት

ስርጉት አፏ ውስጥ የገባውን አመድ እንትፍ አለች። አልወጣላትም። የመጋቢት ነፋስ ቢቸና ላይ ከተነሳ እንዲህ ነው፤ አቧራውን፣ ገለባውን፣ የፌስታል ቁራጩን ሁሉ አግበስብሶ ሰው ፊት ላይ ይለጥፈዋል። ዛሬ ደግሞ የተቃጠለ ጭድ ተጨምሮበታል። ትናንት ከሰዓት በኋላ የአቶ ፋንታ የጤፍ ጭድ ክምር ነዶ አለቀ፤ እስከ ክረምት ለበሬዎቻቸው ያስቀመጡት ቀለብ ነበር። ሲደፋበት ባደረው ውሃ የራሰው አመድ ያልታጠበ ካልሲ፣ ያልታጠበ ካልሲ ይሸታል።

የሰፈሩ ሰው አቶ ፋንታ ግቢ ተሰብስቧል። ግማሹ ለማዘን የመጣ ነው፤ ግማሹ ግን፣ ስርጉት እንዳየችው፣ ጥፋተኛ ሲገኝ ለማየት ነው የመጣው። መሃል ላይ መሪጌታ ሣህለ ማርያም ተቀምጠዋል። የቅኔ መምህር ናቸው፤ ሰው ሁሉ የኔታ ይላቸዋል። ከኋላቸው እጁን ኪሱ ከቶ የቆመው ልጃቸው ምንይሉ ነው። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ የስርጉት ጓደኛ ነው፤ አሁንም ዘጠነኛ ክፍል አብረው ይማራሉ።

«ትናንት በዚህ አካባቢ እሳት ሲነካ የታየ ሰው አለ ወይ?» አሉ የኔታ።

ስርጉት አንገቷን ደፋች። አለ እንጂ፣ እንዴት የለም። ትናንት ከትምህርት ቤት ሲመለሱ እሷና ምንይሉ ከክምሩ ጀርባ ባለው ደረቅ ፈፋ ውስጥ ድንች ጠብሰው በልተዋል። ነፋሱ ሲነሳ «አንቺ ሂጂ፣ እኔ አፈር አለብሰዋለሁ» አላት። ያለበሰው በጫማው ጫፍ ሁለቴ ገፍትሮ ብቻ መሆኑን የነገራት ጭሱን ካየች በኋላ ነው። ዛሬ ጠዋት ግን ተማክረው፣ አብረን እንናገራለን ተባብለው ነው የመጡት።

ምንይሉ አንድ እርምጃ ወደፊት ወጣ። ስርጉትም ተከተለችው።

«አባ፣ እኔ ያየሁትን ልናገር» አለ። «እትዬ ፈንታነሽ ትናንት እሳት ጭረዋል።»

ስርጉት ባለችበት ቀረች።

ቢቸና ውስጥ ክብሪት ያለቀበት ሰው የሸክላ ስባሪ፣ ገል ይዞ ጎረቤት ይሄዳል፤ ፍም ተቀብሎ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ይኼ እሳት መጫር ይባላል። እሳት ለኩሶ የሰው ንብረት ያነደደም ያው እሳት ጫረ ነው የሚባለው። የቀበሌው ሰው ደግሞ ወሩ ከገባ ጀምሮ በማይክ እየዞረ «በነፋስ እሳት የጫረ ይጠየቃል» ሲል ከርሟል። ምንይሉ ይህን ሁሉ ያውቃል። የቅኔ መምህር ልጅ ነው፤ የቃል ሆድና ጀርባ ሲገላበጥ እያየ ያደገ ልጅ ነው።

እትዬ ፈንታነሽ ከአቶ ፋንታ ጓሮ ባለች አንዲት ክፍል ጥጥ እየፈተሉ የሚኖሩ አሮጊት ናቸው። ከሰዉ ኋላ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ቆመው ነበር። ሁሉም ሲዞርባቸው ደነገጡ።

«እውነት ነው?» አሉ የኔታ። «ጭረዋል?»

«አዎ፣ ጭሬያለሁ» አሉ እትዬ ፈንታነሽ።

በቃ። ማን እንዲጨርሱ ይተዋቸው? ከወዲህም ከወዲያም «አመኑ፣ አመኑ» ተባለ። አንዷ ጎረቤት፣ ትናንት ጥጥ ያስፈተለቻቸው፣ ምራቋን ጢቅ አደረገች። አቶ ፋንታም ሲያከብሯቸው የኖሩትን ሴትዮ በአንድ ጊዜ ከአንቱ ወደ አንቺ አወረዷቸው። «ለሰንበት ቤቴ እንዳላገኝሽ» አሉ። የኔታ አዝነው ነበር፤ ግን እሳቸውም አንድ ጥያቄ አልጨመሩም። ስርጉት አንዱን ከአንዱ እያየች ሁሉም አስጠሏት።

ምንይሉን ከአጥሩ ጥግ ያዘችው። የሽምብራ ቆሎ እየቆረጠመ ነበር።

«ለምን ዋሸህ?»

«ምን ዋሸሁ? ትናንት ጠዋት ከወይዘሮ ዘሚራ ቤት ፍም ይዘው ሲወጡ በዓይኔ አይቻለሁ። እሳቸውም አዎ አሉ።»

«ጠዋት መሆኑን መች ተናገርህ?»

«ማን ጠየቀኝ?» ሳቀ። «እኔ ሰሙን ሰጠኋቸው፤ ወርቁን ያወጡት ራሳቸው ናቸው። ቆንጆ አይደለች?»

ቆንጆ። ጥርሱ ላይ የተጣበቀውን የሽምብራ ልጣጭ አየችና ዓይኗን አዞረች። ከሁሉ የባሰባት ደግሞ እንዲህ ያለ ጨዋታውን እስከ ትናንት ትወደው የነበረ መሆኑ ነው። ሒሳብ መምህራቸው የቤት ሥራውን ሠራኸው ወይ ሲሉት «ሠርቼዋለሁ» ይላል። መምህሩ የቤት ሥራውን ይመስላቸዋል፤ እሱ የሠራው መምህሩን ነው። ስንት ቀን ደብተሯን አፏ ላይ አድርጋ በሳቅ ፈርሳለች።

«አሮጊቷ ቤታቸውን ሊለቁ ነው እኮ፣ ምንይሉ። የት ይግቡ?»

«አቦ አታካብጂ። ሰው ያዝንላቸዋል፣ አንዱ ያስጠጋቸዋል። እኛ ብንሆን ግን ያለቀልን ነን። የአባቴን ስም አስቢው እስቲ።» ቆሎ ዘረጋላት። «ደግሞ አንቺም በልተሻል። ድንቹን እኔ ብቻ አልጨረስኩትም።»

ቆሎውን አልነካችም። ትታው ወደ ጓሮ ሄደች።

እትዬ ፈንታነሽ ክፍላቸው ውስጥ ጥጣቸውን በአሮጌ ጋቢ እየቋጠሩ አገኘቻቸው። ቋጠሮው አልጠብቅ ብሏቸዋል። ስርጉት ተንበርክካ ጫፉን ያዘችላቸው።

«ማለዳ እኮ ነበር፣ ልጄ» አሉ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው። «ቅጠል አይነቃነቅም ነበር። በገል ይዤ፣ በሌላ ገል ከድኜ ነው ያመጣሁት።» ቀና ብለው አዩዋት። «አንቺ ዓይንሽ ደህና ነው። እስቲ ከዚህ እስከ ዘሚራ ቤት ድረስ መንገዱን እዪልኝ። ፍም የወደቀበት ጥቁር ነገር ይኖር ይሆናል።»

«እንዴት ይወድቃል? ከድኜዋለሁ አሉ አይደል?»

«እኔስ የከደንሁ መስሎኝ ነበር። ይኼ ሁሉ ሰው እኔ ነኝ ካለኝ ግን አንዲት ፍም አምልጣኝ ይሆናል። እጄ ይንቀጠቀጣል እኮ። እነዚያን በሬዎች በረሃብ ፈጀኋቸው።» እንባቸውን በመዳፋቸው ጀርባ ጠረጉ። «እዪልኝ፣ ልጄ። ካለ አለ በይኝ። ቁርጡን ልወቀው።»

ስርጉት ከተንበረከከችበት ተነሳች። ምንይሉ ሴትዮዋን ከቤታቸው ብቻ አይደለም ያስወጣቸው፤ ያልሠሩትን ሠራሁ ብለው በራሳቸው ላይ እንዲመሰክሩ እያደረጋቸው ነው። እሷም ይኼን እያወቀች፣ ጋቢ እየቋጠረች፣ ደግ ልጅ መስላ እዚህ ተንበርክካ ነበር። ራሷን ተጸየፈች።

«መጣሁ» ብላ ወጣች። መንገዱን ግን አላየችም። ምን ልታይ?

ግቢው ውስጥ የነበረው ሰው ተበትኗል። የኔታና አቶ ፋንታ ብቻ ቀርተው አመዱ ዳር ተቀምጠዋል። ምንይሉ በሩ ላይ ቆሟል። ወደዚያ ስትሄድ ሲያያት ቆሎ መቆርጠሙን አቆመ፤ ራሱን ግራና ቀኝ ነቀነቀላት።

ስትራመድ የምትለውን አዘጋጀች። እኔ ነኝ እላለሁ፤ ስሙን አላነሳም፤ ጓደኛ አሳልፌ አልሰጥም። ጥሩ ነገር መስሏት ነበር። የኔታ ፊት ስትደርስ ግን ያዘጋጀችው ነገር አፏ ውስጥ እንደዚያ አመድ ሆነባት። ሰው እስካልጠየቀ ድረስ ግማሹን ብቻ መናገር፤ ይኼንንማ ዛሬ ጠዋት ሰምታዋለች።

«የኔታ፣ እትዬ ፈንታነሽ እሳት የጫሩት ትናንት ጠዋት ነው፤ ቤታቸው ገብቷል። ክምሩን ያቃጠልነው እኛ ነን። ከሰዓት በኋላ ፈፋው ውስጥ ድንች ስንጠብስ፣ ሳናጠፋው ሄድን።»

አቶ ፋንታ ብድግ አሉ። የኔታ እጃቸውን ዘርግተው አስቀመጧቸው። ስርጉትን ቀስ ብለው ከላይ እስከ ታች አይዋት።

«እኛ ማለት፣ እነማን?»

ወደ በሩ አልዞረችም።

«እኔና ምንይሉ» አለች። ሰፈሩ ውስጥ ያለ ሌላ ምንይሉ እንዳይመስላቸው ብላ ጨመረችበት፤ «የእርስዎ ልጅ።»