ከውርጩ በፊት አንድ ቅዳሜ

ቲማቲሙን ለውርጭ የዳረገችው እሷ ናት። ሆን ብላ መሆኑን ግን መጀመሪያ ላይ ከእሷ በቀር ማንም አያውቅም ነበር።

የመንደሩ የአትክልተኞች ክበብ የችግኝ ጣቢያ ኃላፊ ነች። እሷ «ብርዱ አልፏል» ካላለች አንድም ችግኝ ወደ ማሳ አይወጣም። ተከላው ደግሞ በጥንድ ነው፤ አንዱ ይቆፍራል፣ አንዱ ይተክላል። የእሷ ጥንድ ሦስት ዓመት ሙሉ የክበቡ የውኃ ፓምፕ ጠጋኝ ነበር።

ሰኞ ለሥራ ወደ ከተማ ሊሄድ መሆኑን ሰማች። «አትሂድ» ማለት ግን ሞት ሆነባት። ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት አፏን ሞልታ «ብርዱ አልፏል፣ እንትከል!» አለች፤ ከተከላው ጊዜ አሥር ቀን ቀድማ።

ጎን ለጎን ዋሉ። አፈር ስታለብስ እጃቸው ተነካካ፤ ማናቸውም ይቅርታ አልጠየቁም።

እሑድ ሲነጋ ማሳው በውርጭ ጠቁሮ ተገኘ። የአርባ ቤተሰብ ልፋት!

ከሰዓት በኋላ ክበቡ ተሰበሰበ። ሊቀመንበሩ አባቷ ናቸው።

«ማነው ያስቸኮለው?»

«እኔ ነኝ» አለ ፓምፕ ጠጋኙ ብድግ ብሎ። «ሳልሄድ እንትከል ብዬ ጨቀጨቅኳት።»

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል» አሉ አንዲት ንብ አርቢ ባልቴት። «አሁን ምኑ ይለቀማል?»

«ከክበቡ ተሰርዘሃል!» አሉ አባቷ። «ሁለተኛ እዚህ ግቢ እንዳላይህ!»

እሱ በሩ ጋ ሲደርስ እሷ ተነሳች።

«አባዬ፣ ውሸቱን ነው። ማንም አልጨቀጨቀኝም። አንድ ቀን ከጎኑ ልዋል ብዬ ነው።»

አባቷ ቀና ብለው አላዩዋትም። «የጣቢያውን ቁልፍ» ብቻ አሉ፣ እጃቸውን ዘርግተው። ሰጥታቸው ወጣች።

መንገድ ላይ ደረሰችበት።

«ለምን ዋሸህ?»

«እኔ ነገ እሄዳለሁ። አንቺ ግን ከነሱ ጋር ነው የምትኖሪው።»

«አትሂድ።»



«ትናንት ይህን ቃል ስጠብቅ ዋልኩ። አላልሽም። አመሻሽ ላይ የሥራ ውሉን ፈረምኩ፤ ሁለት ዓመት ነው።»

ሰኞ ጠዋት ሰው ሁሉ የጠቆረውን ችግኝ ሲነቅል እሱን የጫነው አውቶቡስ በማሳው ጥግ አለፈ። እሷም በአርባው ቤተሰብ ፊት፣ በአባቷም ፊት፣ ቦዩን ዘላ ከኋላው ሮጠች። «እጠብቅሃለሁ!» ብላ ጮኸች፤ ደግማም ጮኸች። መስኮቱ ዝግ ነበር። ይስማ አይስማ አታውቅም።