አንድ ጉንጭ ውሃ

በሳሌማር ምድር የምንጭ በዓል በሚከበርበት ዕለት፣ ሌዋይ የሚባለው ጽዋ ማንም ሳይነካው ለሁለት ተሰነጠቀ። ያደረበትም ብርሃን እንደ ቆሰለ ወፍ እየተንገዳገደ ወደ ሰሜን በረረ።

ጽዋው ተራ ሸክላ ነበር። ፈጣሪ ከሰማያቱ ሁሉ ይልቅ የታችኛውን አፈር ለማደሪያው ወድዶ ብርሃኑን በዚያ አኖረ ይባላል። መንገደኛው ሁሉ ይጠጣበት ነበር። ንጉሥ አዝማሮን ግን «ቅዱስ ነገር በአላፊ አግዳሚ ከንፈር አይነካም» ብሎ በወርቅ ሣጥን ቆልፎበት ኖረ። ብርሃኑ ከሄደ ወዲህ ዳቦው ሆድ ይሞላል እንጂ አያጠግብም፤ እሳቱ ያበስላል እንጂ አያሞቅም። እናት ልጇን ስታቅፍ ግንድ ያቀፈች ይመስላት ጀመር።

የሸክላ ሠሪዋ የዜማት ልጅ ናኤላ በአደባባይ ቆማ «ብርሃኑን ሳልይዝ ብመለስ የጠባሁት ጡት ይፍረድብኝ» ብላ ማለች። ታላቅ ወንድሟ ዮራም ጦሩን አንሥቶ ተከተላት። ንጉሡም የጦር አለቃውን ቶርሳንን፣ ብርሃኑን የሚያመጣበት የወርቅ ማሰሮ አሸክሞ ላከው።

አርባ ቀን በደረቅ ምድር ተጓዙ። ዮራም በመንገዱ ሁሉ አፉ አላረፈም።

«አለቃ፣ ያ ማሰሮህ ስንት ውሃ ይይዛል?»

«ውሃ አይገባበትም። የንጉሥ ዕቃ ነው።»

«እንግዲያው እሱም እንደኛ ተጠምቷል ማለት ነው።»

ኮስታራው ቶርሳን ሳይወድ ሳቀ።

በቅርፊቶች ገደል ሥር ኦርጋት የተባለውን ዘንዶ ብርሃኑን ታቅፎ ተኝቶ አገኙት። ቅርፊቱ በቅርፊት ላይ ተደራርቦ እንደ ዓለት ጠንክሯል። ቶርሳን ከፊት ሲያታልለው ዮራም ከጎኑ ገብቶ፣ ከሁለት ቅርፊቶች መካከል ጦሩን እስከ እጀታው ሰካው። ዘንዶው ወደቀ፤ ሲወድቅ ግን ጅራቱ የዮራምን ደረት ደቆሰው።

ብርሃኑ ዕቃ አጥቶ በአየር ላይ ተንጠለጠለ፤ ዘይት እንዳለቀበት ኩራዝም ይመነምን ጀመር። ቶርሳን የወርቁን ማሰሮ ቢዘረጋለት ሸሸ።

«ሸክላ ነው የሚሻው» አለች ናኤላ። አፈሩ ግን ትቢያ ነበር። በቅላቸው ውስጥ የቀረው ውሃም አንድ ጉንጭ ብቻ ነው። ወደ ወንድሟ ተመለከተች፤ ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ ነበር። ቅሉን ወደ አፉ አስጠጋች።

«ናኤላ፣ አገሩስ?» አለ ቶርሳን።

«አገሩ ወንድም አይወልድልኝም። ወንድም ጋሼ፣ ጠጣ።»

ዮራም ጉንጩን ሞላ፤ አልዋጠውም። እጇን ስቦ በዘረጋችው መዳፍ ላይ አፈር ዘገነላት፤ ከዚያም ጎንበስ ብሎ ውሃውን ቀስ አድርጎ በአፈሩ ላይ አፈሰሰው። ቃል ይናገራል ብላ ጠበቀች። ለስንብት የሚበቃ እስትንፋስ ግን አልተረፈውም።

ወንድሟን በጉልበቷ ላይ እንዳስተኛች ጭቃውን አቦካች። ጨው ሸክላን ያሰነጥቃልና እንባዋ እንዳይገባበት በክንዷ ትጠርግ ነበር። ትንሽ ጽዋ ሠርታ እሳቱ ገና ባልጠፋው በወደቀው ዘንዶ ጉሮሮ ውስጥ ተኮሰችው። ብርሃኑም ወርዶ፣ ደክሞት ቤቱ እንደ ደረሰ ሰው፣ ገባበት።

ዮራምን በዚያው ቀብረው ተመለሱ። ንጉሡ ካለፈው የሚበልጥ የወርቅ ሣጥን አሠርቶ በበሩ ጠበቃቸው።

«ንጉሥ ሆይ» አለች ናኤላ «ይህን ጽዋ የሚቆልፍ ወንድሜን ሁለተኛ ይቀብረዋል።»

ቶርሳን ሰይፉን መዝዞ በንጉሡ እግር ሥር አኖረና ከእርሷ ጎን ቆመ። አዝማሮን ዘውዱን አውልቆ፣ በምንጩ ዳር ከተሰለፈች ለማኝ ቀጥሎ ተራውን ጠብቆ በጽዋው ጠጣ። በዚያ ቀን ዳቦው አጠገበ፤ እናቶችም የልጆቻቸው ገላ ሞቃቸው።

ዜማት ብቻ የምታቅፈው ወንድ ልጅ አጣች። በምንጩ ዳር ተቀምጣ ጽዋውን በጉልበቷ ላይ ይዛ ቆየች።

«ሲለይሽ ምን አለሽ?» አለቻት ናኤላን።

«ምንም አላለኝም፣ እማ።»

«አንዲት ቃል እንኳ?»

«አንዲት ቃል እንኳ።»

«ዮራም እኮ ዝም ማለት አያውቅበትም ነበር» አለች ዜማት።

አቧራ የለበሰ መንገደኛ ከኋላዋ ቆሞ ነበር። ዞራ አየችው፤ ጽዋውን ከምንጩ ሞልታ በሁለት እጇ ሰጠችው።