የባሌን ስኳር የምትከታተለዋ

ያላመነኝ ሰው ይምጣና ስልኬን ላሳየው። ቀኑም፣ ሰዓቱም፣ ቁጥሩም ተመዝግቧል። አላጠፋሁትም።

ነገሩ የሆነው በጠራራ ፀሐይ ነው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት... ሰው በሚተራመስበት መንገድ ዳር፣ ባሌ የስፌት ማሽን በሚጠግንባት አንድ ክፍል ሱቅ ውስጥ። ጨለማ የለ፣ መቃብር የለ።

መጀመሪያ ግን ስለ ራሴ ልናገርና ይውጣልኝ። ቀናተኛ ነኝ። "ትንሽ ትቀናለች" የሚባለው ዓይነት እንዳይመስላችሁ። ባሌ ሬዲዮ ላይ የምታወራዋን ሴት ሰምቶ ፈገግ ካለ፣ ተነስቼ ሬዲዮውን የምዘጋ ሰው ነኝ። ፀጉር ቤት ነው የምሠራው፤ ደንበኞቼ "አንቺ እኮ በጥላውም ትቀኛለሽ" እያሉ ይስቁብኛል። ይሳቁ።

ደግሞ ያለ ነገር አልቀናም። ሁለተኛ ሚስቱ ነኝ። የመጀመሪያዋ ልብስ ሰፊ ነበረች፤ ከሞተች አራት ዓመቷ ነው። "ሐርዬ" ነበር የሚላት። እኔን ግን፣ ከተጋባን ሁለት ዓመት ሲሆነን፣ አንድም ቀን በቁልምጫ ጠርቶኝ አያውቅም። እንደ መዝገብ ቤት ጸሐፊ ሙሉ ስሜን ነው የሚጠራኝ።

እንግዲህ ከሦስት ወር በፊት ባሌ ስኳር ተገኘበት። ሐኪሙ ክኒን አዘዘለትና "ካልተጠነቀቅህ ዓይንህም ኩላሊትህም ይከተላሉ" አለው። ነርስ የሆነችው ታላቅ እህቴ፣ ሳንቲም የምታክል የስኳር መለኪያ ክንዱ ላይ ለጠፈችለት። እጁ ላይ ደግሞ የልብ ምትና እርምጃ የምትቆጥር ሰዓት አሰረችለት። ሁለቱም የለኩት ነገር በእሱ ስልክ አልፎ እኔ ስልክ ላይ ይመጣል።

"ጤናውን ጠብቂበት" አለችኝ።

እኔ ደግሞ እሱን ራሱን መጠበቅ ጀመርኩ።

ስኳሩ ከፍ ሲል ስልኬ ይጮሃል። መጀመሪያ ላይ ዝቅ ሲልም ይጮህ ነበር... የዝቅታውን ዘጋሁት። እጄ አረፋ ውስጥ ሆኖ ሁለት ዓይነት ጩኸት ሰለቸኝ። የምፈራውም መውጣቱን እንጂ መውረዱን አልነበረም። ይቺን ነገር ያዙልኝ።

በሁለተኛው ሳምንት አንድ ነገር አስተዋልኩ።

በየቀኑ ዘጠኝ ከሩብ ላይ ስልኬ ይጮሃል። ስልኩ ላይ የስኳሩ መስመር ሽቅብ ይወጣል። የልብ ምቱ ፈጣን ነው። እርምጃ ግን የለም።

ተቀምጧል ማለት ነው። ተቀምጦ... ጣፋጭ ነገር እየቀመሰ... ልቡ እየመታ።

ምን ልበል? ሌላ ሴት ታበላዋለች አልኩ።

እኔ እኮ ከቤቴ ስኳር የሚባል ነገር አጥፍቻለሁ! ማሩን ለጎረቤት ሰጠሁ። ሱቁ ድረስ ሄጄ የስኳር ቆርቆሮውን ደፋሁ። ብስጭቴ ሲብስ ምሳውንም ቀነስኩበት፤ ቅጠላ ቅጠል ብቻ ቋጥሬ እሰደው ጀመር። እሱ እንደሆነ አፍ የለውም፤ "እሺ" ብሎ ይዞ ይሄዳል። መስመሩ ግን ዘጠኝ ከሩብ ላይ መውጣቱን አልተወም።

አንድ ማክሰኞ ደንበኛዬን የፀጉር ማድረቂያው ካስክ ውስጥ አስቀምጬ "መጣሁ" ብዬ ወጣሁ። የባሌ ሱቅ ሁለት መንገድ ተሻግሮ ነው።

በሩ ገርበብ ብሏል። ከውስጥ ድምፅ ይሰማል።

ቅጭል... ቅጭል... ቅጭል...

ማንኪያ ነው። ብርጭቆ ውስጥ የሚያማስል ማንኪያ።

"ያዝኩሽ!" አልኩ በልቤ። በሩን በርግጄ ገባሁ።

ማንም የለም።

ባሌ ብቻ ወንበሩ ላይ ተዘርፍጧል። ዓይኑ ግማሽ ተከድኗል። በእጁ ጠርዙ ሰማያዊ የሆነ ብርጭቆ ይዟል፤ ሻዩ ይጨሳል። ታቹ ላይ ያልሟሟ ስኳር ተኝቷል።

ሱቁ ውስጥ ምድጃ የለም። ማንኪያም የለም። መሳቢያውን ሁሉ ገልብጬ ፈልጌያለሁ እኮ!

"ማን ናት?" አልኩት፣ መንገደኛ እንዳይሰማ በሹክሹክታ።

"ማን?"

"ሻዩን የሰጠችህ!"

ግራ ገብቶት አየኝ። "አንቺ... አይደለሽም እንዴ?"

"እኔ አሁን መግባቴ ነው።"

"ላቤን ጠረግሽልኝ እኮ..."

አንገቱ ላይ ቁራጭ ሐር ጨርቅ ነበር። እርጥብ ነው።

ጥጉ ላይ የሟቿ የስፌት ማሽን ቆሟል። አትሸጠውም ወይ ስለው "ይቆይ" እያለ ሁሌም በጨርቅ ሸፍኖ የሚያስቀምጠው ነው። የዚያን ቀን የጨርቁ አንዱ ጎን ተገልጦ ነበር።

እኔ ምኑን አስተዋልኩት! አፍንጫዬ የሴት ሽቶ ፍለጋ ላይ ነበር። ብርጭቆውን ከእጁ ነጠቅኩና ወጥቼ ቦይ ውስጥ ወርውሬ ሰበርኩት። ጎረቤት ያለው ጫማ ሠሪ "ምነው እመቤት፣ ብርጭቆው ምን በደለ?" አለኝ። ወደ ፀጉር ቤቴ ተመለስኩ።

አመሻሽ ላይ እሱ ሊታጠብ ሲገባ ስልኩን አነሳሁ። መለኪያው የሚልከውን የሚያዩ ሰዎች ስም የሚወጣበት ገጽ አለ። ከፈትኩት።

ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዷ እኔ።

ሁለተኛዋ...

ሐርዬ።

የገባችበት ቀን እኔ ከገባሁበት ጋር አንድ ነው። ሰዓቱ ዘጠኝ ይላል። መለኪያው ከተለጠፈ ሦስት ወሩ፤ እሷ ከሞተች አራት ዓመቷ።

ሌላ ሴት ብትሆን ስልኩን ጥላ ትጮህ ነበር። እኔ ግን፣ ፈጣሪ ይቅር ይበለኝ፣ መጀመሪያ የመጣብኝ ንዴት ነው። ሞታም አትለቅልኝም?

ያን ጊዜ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ሐርዬ በሕይወት ሳለች የፀጉር ደንበኛዬ ነበረች። አንድ ቀን ካስክ ውስጥ ሆና ሰዓቷን አየችና መቁነጥነጥ ጀመረች።

"ቶሎ በይልኝ በእናትሽ" አለችኝ። "ባሌ ሥራ ከያዘ መብላት ይረሳል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ እጁ ይንቀጠቀጣል። ሻይ ላደርስለት ነው... በሁለት ማንኪያ ስኳር።"

ያን ጊዜም ቀንቼባት ነበር። እኔ የምሮጥለት ሰው አልነበረኝማ።

ስሟን ተጫንኩት። "ይሰረዝ?" አለኝ።

ይሰረዝ!

በማግስቱ ዘጠኝ ከሩብ ሆነ። ስልኬ ዝም። ዘጠኝ ከሃያ... ዝም።

"ተገላገልኩ!" አልኩ ጮክ ብዬ።

"ከምኑ?" አለችኝ ፀጉሯን የማጥባት ሴትዮ።

"ከጣውንቴ።"

ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። ድሌን በዓይኔ ላየው ብዬ እጄን ጠረግኩና ስልኬን ከፈትኩት።

መስመሩ አልወጣም። እየወረደ ነው።

ስልሳ... ሃምሳ አምስት... ቀስቷ ቁልቁል ታመለክታለች... አርባ ዘጠኝ።

ያለፉትን ቀናት ወደ ኋላ ሳብኩ። በየቀኑ፣ ከዳገቱ በፊት ገደል ነበር! እኔ ዳገቱን ብቻ ነበር የማየው። ክኒኑን ጠዋት ጠዋት አስውጠዋለሁ፤ ምሳውን የቀነስኩበት እኔ፤ የዝቅታውን ጩኸት የዘጋሁት እኔ። ባሌ በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይወድቅ ነበር። በየቀኑ የምታነሳው ነበረች። እሷን ነው ትናንት የሰረዝኳት።

ከነሽርጤ ሮጥኩ።

ከወንበሩ ተንሸራቶ መሬት ላይ ተቀምጧል። ሸሚዙ በላብ ርሷል፤ ከንፈሩ ይንቀጠቀጣል። ዓይኑ ያየኛል፣ ግን አያውቀኝም። እህቴ ጋ ደወልኩ።

"መዋጥ ይችላል?" አለች።

"ምራቁን ይውጣል..."

"ስኳር ስጪው! አሁኑኑ!"

"የለም።"

"ምን ማለት ነው የለም?"

"እኔው ነኝ የደፋሁት፣ እትዬ... ሁሉንም ደፍቼዋለሁ..."

ለጎረቤት ልጮህ ብድግ ስል ከኋላዬ ሰማሁት።

ቅጭል... ቅጭል...

ዞርኩ። የማሽኑ ጨርቅ መሬት ላይ ወድቋል። ማሽኑ አጠገብ ብርጭቆ ተቀምጧል። ይጨሳል። ጠርዙ ሰማያዊ ነው። አልተሰነጠቀም።

አሁን የምናገረው ያሳፍረኛል። ለአንድ አፍታ ቆምኩ። ባሌ እግሬ ሥር እየሞተ... ከእሷ እጅ መቀበል አቃተኝ። ቀናሁ!

ከዚያ ወሰድኩት። በመዳፌ አገጩን ደግፌ ጥቂት በጥቂት አጠጣሁት። ስልኬን መሬት ላይ አስቀምጬ እቆጥራለሁ። አርባ ስምንት... አርባ ስምንት... ሃምሳ ሦስት... ስልሳ ስድስት...

ተረፈ።

ሐኪሙ ክኒኑን ቀነሰለት። እኔም ምሳውን መለስኩለት፤ የዝቅታውን ጩኸት ከፈትኩት። እህቴ "ስኳሩን ከየት አገኘሽ?" ስትለኝ "ከጫማ ሠሪው" አልኳት። ሐርዬም ገጹ ላይ ተመልሳለች። እኔ አልመለስኳትም። ዳግመኛም አልሰረዝኳትም።

አንድ ነገር ግን ለእህቴም አልነገርኳትም።

ብርጭቆውን ሲጨርስ ባሌ ዓይኑን በደንብ ገለጠ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ።

"ሐርዬ..." አለ።

ለእኔ ይሁን አይሁን ግድ አልሰጠኝም። ሁለት ዓመት ሙሉ የጠበቅኩት ቁልምጫ ነው፤ እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። "ወዬ" ልለው አፌን ከፈትኩ።

ከማሽኑ አጠገብ አንዲት ሴት ቀደመችኝ።

"ወዬ..."

ባሌ ከትከሻዬ በላይ አሻግሮ እያየ ፈገግ አለ።