የአይደፈር ምስክርነት

አቶ ብዙነህ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ በመጋዘናቸው ደጃፍ ሞተው ተገኙ። መርማሪው የደረሰው ሰኞ ነው።

በመካከሉ አስከሬኑ ታጥቦ ተቀብሯል። የደጃፉ ደም በውሃና በአመድ ተፈግፍጓል። የተመቱበት የሚዛን ብረት «እንዳይጠፋ» ተብሎ ሃያ ሰው ሲቀባበለው ውሏል። ገዳይ የተባለም ሰው ታስሯል። መርማሪው የሃምሳ አለቃ መርዳሳ ከሻሸመኔ በእህል መኪና ተጭኖ አርሲ ነገሌ ሲወርድ፣ የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ሁንዴ ቃለ ጉባኤውን ይዞ ጠበቀው።

«ነገሩ አልቋል፤ እርስዎ ፈርመው መውሰድ ብቻ ነው የቀረዎት» አለው።

መርዳሳ መንገድ ዳር እንደቆመ አነበበ። በተራ ቁጥር አንድ፣ ከምስክር ስም አንጻር፣ «አይደፈር» ተብሎ ተጽፏል።

«አይደፈር ማን ነው?»

«የሟች ውሻ።»

«ምን ብሎ መሰከረ?»

«ወንጀለኛውን ነከሰው» አለ ሁንዴ ሳይስቅ። «ከዚህ በላይ ምን ይበል?»

መርዳሳ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። ሃያ ስድስት ዓመት በፖሊስነት ሲያገለግል የሰከረ ምስክር፣ የተገዛ ምስክርና የፈራ ምስክር አይቷል። እንዲህ ያለ ግን ገጥሞት አያውቅም።

የታሰረው ነጋሳ ነው፤ የአቶ ብዙነህ የወንድም ልጅ። ከአራት ዓመቱ ጀምሮ አሳድገው አስተማሪ አድርገውታል። ቅዳሜ የገበያ ቀን ስለሆነ ባለቤታቸው ወይዘሮ ሸዋወርቅ ገበያ ወጥተው ነበር። ነጋሳ ለምሳ ሲመጣ አጎቱን ወድቀው አገኘ። ጩኸቱን ሰምቶ ቀድሞ የደረሰው የአጥር ጎረቤታቸው አቶ ኢተፋ ነበር። የነጋሳን የተነከሰ እጅ አየና «ውሻ ጌታውን የመታውን ያውቃል» አለ። ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ ይህንኑ ደገመ። ማክሰኞ ጠዋት እስረኞችን ወደ ናዝሬት የምትወስድ መኪና ትነሣለች። በ፸፪ ዓ.ም. እንዲህ ያለ ወረቀት ተይዞበት የሄደ ሰው መቼ እንደሚመለስ፣ ይመለስም እንደሆነ የሚናገር አልነበረም።

መርዳሳ በቀበሌው እስር ቤት የነጋሳን እጅ ገልጦ አየ። ጥርሱ የገባው በእጁ ጀርባ ላይ ነው፤ የሸሚዙ እጅጌ አልተቀደደም።

«ስንት ጊዜ ልናገር?» አለ ነጋሳ። «ውሻው ከመጋዘኑ ወለል ሥር ገብቶ ሰንሰለቱ ድንጋይ ላይ ተጠምጥሞበት ነበር። አንገቱ ታንቋል። አጎቴን ላነሣ ስሮጥ ሲያጣጥር ሰማሁ፤ ልፈታለት እጄን ስሰድ ነከሰኝ።»

«ይህ ለምን አልተጻፈም?»

«ውሻ ጌታውን ያድናል እንጂ አይደበቅም አሉኝ።» እጁን መልሶ ሸፈነ። «አባቴ የምለውን ሰው እንኳ አልቀበርኩም፣ ጋሼ። ለቅሶው እዚህ ድረስ ይሰማኝ ነበር።»

መርዳሳ በሩን አስከፍቶ ወጣ። ወደ አቶ ብዙነህ ግቢ ሄደ።

መጋዘኑ ምስጥ እንዳይበላው በድንጋይ ምሰሶዎች ላይ ከፍ ብሎ የተሠራ ነው። አይደፈር ከነሰንሰለቱ ከወለሉ ሥር ተኝቷል። ቀን ታስሮ ውሎ ሲመሽ ይፈታል፤ ውሻ ታስሮ ካልዋለ አይከፋም ይባላልና። ከዚህ በቀር ያሠለጠነው የለም። መርዳሳ በደረቱ ተኝቶ አየው፤ አንገቱ ዙሪያውን ተልጧል።

ወይዘሮ ሸዋወርቅ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ እንዳሰሩ አጠገቡ ቆመው ነበር። ባለቤታቸው በሄዱበት ሁሉ «እኔን የነካ ከአይደፈር አፍ አይወጣም» እያሉ ይፎክሩ እንደነበር ነገሩት። ቅዳሜ የመጣባቸው ጠላት ይኖር እንደሆነ ሲጠይቃቸው ግን ወደ በሩ አዩ፤ ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ቀጠሉ። ጸሎት ቤታቸው ከታሸገ ወዲህ ስምንት ሰዎች በዚህ መጋዘን፣ ከእህሉ ጀርባ እየተሰበሰቡ ይጸልዩ ነበር። በታኅሣሥ ከስምንቱ ሦስቱ ታሰሩ።

«ሐሙስ ዕለት፣ ማን እንደጠቆመብን አውቄያለሁ፣ ቅዳሜ ማታ በሁላችሁ ፊት እጠይቀዋለሁ አለኝ። ለቀሩትም ይህንኑ ላከባቸው።»

«ማን ነው አሉ?»

«ስም አልጠራልኝም። ወንድም ነው ብቻ አለኝ።»

ወንድም የሚባባሉት አብረው የሚጸልዩት ናቸው፤ ከታሰሩት ሦስቱ ሌላ አምስት ቀርተዋል። ሁለቱ ባልና ሚስቱ ራሳቸው፣ ሦስተኛዋ ቅዳሜን ሙሉ ከሸዋወርቅ ጋር ገበያ የነበረች ሴት ናት። አራተኛው ኢተፋ ነው፤ አምስተኛው ነጋሳ። መርዳሳ የጠረጠረውን ያህል የሚጨብጠው አልነበረውም። በጸሎት ቤት ወንድምነት ማንም አይታሰርም፤ ጥቆማንም እንደ ጥፋት የሚመዘግብ ቢሮ በዚያ ዘመን አልነበረም።

አቶ ኢተፋ ወንበር አውጥቶ በአክብሮት ተቀበለው። ብዙነህ ለሃያ ዓመት ወዳጁ እንደነበሩ፣ ነጋሳንም እንደ ልጁ እንደሚያየው፣ እውነት ግን እውነት መሆኗን በለሆሳስ ተናገረ።

«አይደፈር ከመጣ ሰባት ዓመት፣ ያንን በር ስገፋ አንድ ቀን ሳይጮህብኝ ቀርቶ አያውቅም» አለ። «ብዙነህን ሊመታ የሚመጣ ሰው መጀመሪያ ውሻውን ማሰብ ነበረበት።»

መርዳሳ ለመነሣት የጀመረውን ተወና እንደገና ተቀመጠ። ስለ ገበያው ዋጋ ጥቂት አወራና ተሰናበተው።

ያን ከሰዓት በኋላ መጋዘኑ ውስጥ ገብቶ ባዶ ጆንያ ሲያገላብጥ ዋለ። ምን እንደሚፈልግ ሁንዴ ሁለት ጊዜ መጥቶ ጠየቀው፤ ሁለት ጊዜም አላውቅም አለው። ከሁለት መቶ በላይ ጆንያ ነው። ብናኙ አፍንጫውን ደፈነው፤ ዓይኑ ቀላ። መቶ ሰማንያ ስድስተኛው ላይ ተሳደበ። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ከክምሩ መካከል አንድ ነገር ስቦ አወጣ፤ መታ መታ አድርጎ አቧራውን አራገፈና ኮቱ ውስጥ ከተተው።

በማግስቱ ማለዳ፣ መኪናዋ ሳትነሣ፣ ወደ እህል ተራ ሄዶ የጆንያ አፍ የምትሰፋውን ዲንቄን ፈልጎ አገኘ። ያወጣውን አሳያት። አንድ ስም ነገረችው። አብራው እንድትመጣ ለመናት።

ግቢው ውስጥ ሸዋወርቅ፣ ሁንዴ፣ ኢተፋና ጥቂት ጎረቤቶች ቆመዋል። መኪናዋ በር ላይ ሞተሯ እየሠራ ነው፤ ነጋሳ እጁን ታስሮ ከላይ ተቀምጧል። ሹፌሩ መዘግየቱን ደጋግሞ በጡሩምባ ያስታውቃል።

«ከምስክራችን እንጀምር» አለ መርዳሳ። አይደፈርን በሸዋወርቅ እጅ ሥጋ አስይዞ ከወለሉ ሥር አስወጣው። ሰንሰለቱን ፈታ። «ወይዘሮ ሸዋወርቅ፣ ጌታው ከሞቱ ወዲህ የሚያበሉት እርስዎ ነዎት አይደል? ጓድ ሁንዴ፣ ዱላህን አንሣና የምትመታቸው ምሰል።»

«እኔ? ሐዘንተኛ ላይ?»

«ምሰል ነው ያልኩህ።»

ሁንዴ እየተሽኮረመመ ዱላውን ከፍ አደረገና ጮኸ። ሸዋወርቅ እውነት ደንግጠው ወደ ኋላ አሉ። ውሻው ሥጋውን ጣለ። ጅራቱን በእግሩ መካከል ከትቶ፣ ሆዱን መሬት እያስነካ፣ ተመልሶ ከመጋዘኑ ሥር ገባ። የሚስቅ አልነበረም።

«ቅዳሜ ያደረገውም ይህንን ነው» አለ መርዳሳ። «በር ላይ መጮህ አንድ ነገር ነው፤ ለሰው መድረስ ሌላ ነው። ለሰው ብሎ ዱላ ፊት የሚቆም ውሻ አለ ይባላል፤ አብዛኛውን ግን ሳያስተምሩት አያደርገውም። ጌታው ሲመቱ ፈርቶ ገባ፤ ሰንሰለቱ አነቀው። አንገቱን ሄዳችሁ እዩ። ነጋሳን የነከሰው ሊሞት ሲል ስለነካው ነው። ገዳይን ቢከላከል ኖሮ እግሩን ወይም ልብሱን በያዘ ነበር።»

«እንግዲያ ማንም ሊሆን ይችላላ» አለ ሁንዴ።

«እኔም ትናንት እንደዚያ ብዬ ነበር። ደግሞ አሰብኩ። ውሻው ጌታውን እንደማያድን ዛሬ አወቅን። ገዳዩ ግን ቅዳሜ አያውቅም። እንደ እናንተ ሁሉ ያድናል ብሎ ያምን ነበር፤ ስለዚህ ተዘጋጅቶ ነው የመጣው።»

ከኮቱ ውስጥ አወጣው። ከሦስት እጥፍ ጆንያ የተሰፋ፣ ሁለት ጫፉ ክፍት የሆነ፣ ከመዳፍ እስከ ክርን የሚደርስ እጅጌ ነው። አንድ ጫፉ ላይ የደረቀ ደም አለ።

«ክንዱን ለውሻው ሊሰጥ ነበር። እዩት፤ አንድ የጥርስ ምልክት የለበትም። ሲወጣ ሰው እንዳያይበት ጆንያ መካከል ጣለው፤ ጆንያ በጆንያ መካከል ማን ይለየዋል ብሎ። ዲንቄ ትለየዋለች።»

ዲንቄ እጅጌውን ተቀብላ ስፌቱን በጣቷ አሻሸች። በእህል ተራ ጆንያ ጎድሎ ቢገኝ ተጠያቂው እንዲታወቅ እያንዳንዷ ሰፊ የራሷ አሰፋፍ አላት።

«በየአምስቱ ወደ ኋላ እመለሳለሁ፤ የእኔ ነው» አለች። «ዓርብ ነው የሰፋሁት። ማር ልቆርጥ ነው፣ ንብ እጄን እንዳትበላው አሉኝ።»

«ማን?»

«ኦቦ ኢተፋ ናቸዋ።»

ሁሉም ወደ ኢተፋ ዞረ። አንድ ጎረቤት ኢተፋ ቀፎ እንደሌለው ቀስ ብሎ ተናገረ። ኢተፋ መጀመሪያ ዲንቄን ሊሰድብ አፉን ከፈተ፤ ከዚያ ዓይኑ ወደ ወለሉ ሥር ሄዶ እዚያው ቀረ።

«አልነካኝም» አለ። «ሰባት ዓመት የፈራሁት ውሻ ዞር ብሎ እንኳ አላየኝም። ብዙነህ ስሙን እየጠራ ለመነው።»

ሸዋወርቅ ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ከተቱ።

መርዳሳ ወደ ሊቀመንበሩ ዞረ። «የሦስቱን ሰዎች ስም በታኅሣሥ ማን ነው ያመጣልህ?»

ሁንዴ ቃለ ጉባኤው እንዳይጨማደድ የሚጠነቀቅ ይመስል ወረቀቱን አቃና። መርዳሳም ደግሞ አልጠየቀውም፤ መልሱን ቢያገኝም የት ወስዶ እንደሚያስመዘግበው አያውቅም ነበር። በአዲሱ ወረቀት ላይ፣ ከምክንያቱ አንጻር፣ «በግል ጸብ» ብሎ ጻፈ። ብዕሩ ወረቀቱን ቀደደው።

ነጋሳ ከመኪናው ወረደ። ኢተፋ በእሱ ቦታ ወጣ፤ የታሰረበትም ያው ገመድ ነው።

ነጋሳ ቤት አልገባም። ሸዋወርቅ ክንዱን ይዘው ከከተማው ዳር ወዳለው መቃብር ወሰዱት። ሬሳ ሲገባ ሰው ሁሉ አፈር ይመልሳል፤ ልጅ ከሁሉ ይቀድማል። ጉድጓዱ ግን ከተደፈነ ሁለት ቀን ሆኖታል። አፈሩ ነጥቶ ተሰነጣጥቋል። ነጋሳ በደኅናው እጁ አንድ እፍኝ ዘገነና ቆመ።

«እትዬ፣ የት ላድርገው?» አላቸው።

ሸዋወርቅ አያውቁም ነበር።